ቁልፉ የከበደ ኮት

አንድ ቀን፣ ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ሰውም ፍየልም አንዲት ጥላ ሲሻማ፣ አንድ ሰውዬ የብርድ ኮት በብብቱ ሸጉጦ መጋላ ሰፈር ውስጥ ወዳለች የልብስ ሰፊ ሱቅ ገባ። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ዞር እያለ ደግሞ አየው። በዚያ ሙቀት ኮት ይዞ የሚዞር ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ የሆነ ነገር አስቧል።

ሰውየው አቶ ቸርነት ነው። አልታመመም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለዚህ ሰውዬ ስም ሲወጣ ግን መልአኩ ሳያንቀላፋ አልቀረም። ቸርነት እንግዳ ሲመጣበት ገና ከደጃፉ «ምሳ በልተህ ነው አይደል የመጣኸው?» ብሎ የሚቀበል ሰው ነው። የእጅ ሰዓቱን እንኳ በማየት ብዛት እንዳያልቅበት በቀን አንዴ ብቻ ነበር የሚያየው፤ ሌላውን ጊዜ ሰው ይጠይቃል።

ሥራው የጥንት ገንዘብ መነገድ ነበር። የፈረንጅ ንግሥት ምስል ያለበትን ማርትሬዛ፣ ባለ አንበሳውን ብር፣ የሐረርን መሐለቅ ከገጠር ለገበያ ከሚወርዱ ሴቶች በብረት ዋጋ ይገዛና ባሕር ማዶ ላሉ ሰብሳቢዎች በፖስታ ይልካል። ባሕር ማዶ ደግሞ ለአሮጌ ገንዘብ ያበደ ሰው ሞልቷል። በተለይ ዴንማርክ የሚኖር አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ የሰው ጥርስ ነቅሎ ያገኘውን ሁሉ ቸርነት ላይ ያፈሳል።

መግዛቱ ለቸርነት ቀላል ነው፣ መሸጡም ቀላል ነው። መከራው መላኩ ላይ ነበር። የጥንት ገንዘብ ከአገር ሲወጣ ፈቃድ አለው፣ ቀረጥ አለው፣ በአደራ ይመዝገብ ሲባል ደግሞ ሌላ ክፍያ አለው። ቸርነት እነዚህን ሦስቱን የሚጠራቸው በአንድ ስም ነው፤ «ሽፍቶቹ» ይላቸዋል። ሽፍቶቹን ለማምለጥ ያልሞከረው ዘዴ የለም። አንድ ጊዜ አንዷን ሳንቲም በዱቄት ሙጫ ካርድ ላይ ለጥፎ በተራ ፖስታ ላካት። ሳንቲሟ ፖስታውን ቀድዳ የት እንደወረደች እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሌላ ጊዜ ሳሙና ቦርቡሮ ውስጡ ደብቆ ላከ። ሳሙናው በሰላም ደረሰ፤ ግን የሰብሳቢው ሚስት ምኑንም ሳታውቅ ታጠበችበትና ጉንጯ ተቧጨረ። ከዚያ ቤት ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

አሁን ኮቱን ይዞ የገባው ሸምሱ ዘንድ ነው። ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከመጥበቧ የተነሣ የደንበኛ ወርድ ሲለካ ራሱ ውጭ ነበር የሚቆመው። እጁ ፈጣን ነው፣ አፉ ከእጁ ይብሳል። የዚያን ሳምንት ግን አፉንም የሚያሳርፍ ሥራ ይዞ ነበር። እሑድ ሠርግ አለ። የሙሽራውም የሚዜዎቹም ሱፍ እሱ ዘንድ ነው፣ ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ሆኗል፣ የሙሽራው ኮት አንዱ እጅጌ ገና አልተገጠመም።

«ሸምሱ፣ ቁልፍ ትተክልልኛለህ» አለ ቸርነት፣ በሱቁ ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ሳይጠየቅ ተቀምጦ።

ሸምሱ ኮቱን ዘርግቶ አየው። ጣሊያን ሲወጣ ትቶት የሄደ ይመስላል። ብል በልቶታል፤ ነፋስ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ የሚገባበት ዓይነት ነው።

«አቦ ቸርነት፣ ይኼ ኮት የሚያንሰው ቁልፍ አይደለም፣ ቀብር ነው። ደግሞም ቁልፍ አለው እኮ።»

«እሱን አውልቀውና እነዚህን ትከል።»

ቸርነት ከኪሱ የተቋጠረ መሐረብ አውጥቶ ግራ ቀኝ ተመልክቶ ፈታው። ማርትሬዛ ነው። ክብ፣ ነጭ፣ እያንዳንዱ መዳፍ የሚሞላ የብር ገንዘብ።

«ጥቁር ጨርቅ አልብሳቸውና ቁልፍ አድርጋቸው። ከፊት ደርድር፣ እጅጌው ላይ ደርድር፣ የተረፈውን ኪሱ ላይ።»

ሸምሱ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። «ይኼ ቁልፍ ነው የድስት ክዳን?»

«አውሮፓ ፋሽኑ እንዲህ ነው። አንተ አታውቅም።»

«አውሮፓ እንዲህ የሚያክል ቁልፍ ይለብሳል?»

«ብርድ ነዋ! ጣታቸው ይደነዝዛል፤ ትንሽ ቁልፍ አይዝላቸውም። አታውቅም።»

ቸርነት ለማንም ሰው ንግግሩን የሚዘጋው በ«አታውቅም» ነበር። ድሬ ደግሞ ይታወቃል፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምትለው፤ አንቱ የሚባል ቢኖር የጅቡቲው ባቡር ብቻ ነው፣ እሱም በሰዓቱ ከመጣ። ስለዚህ ሸምሱ በዕድሜ ቢያንስም ፊት ለፊት ጠየቀው፦

«ፈቃድ አለህ ግን?»

«አለኝ።»

«የት አለ?»

«ቤት ነው። ፈቃድ ደግሞ ሰው ኪሱ ይዞት ይዞራል እንዴ? ያልቃል።»

ሸምሱ በሙሉ ልቡ አላመነውም። ግን ቸርነት እግሩን ዘርግቶ፣ «እስክትጨርስ እዚሁ ነኝ» ብሎ፣ ስለ ዴንማርክ መንግሥት ማብራራት ጀመረ። ከዴንማርክ ወደ ስዊድን ሲሻገር ሸምሱ የሙሽራውን እጅጌ አሰበ። ይኼን ሰውዬ ከወንበሩ ለማስነሳት ያለው መንገድ ቁልፉን መትከል ብቻ እንደሆነ ገባው። ጨርቁን ቆረጠ፣ እያንዳንዱን ማርትሬዛ እንደ ሕፃን ጠቀለለ፣ ተከለ። ሲጨርስ ኮቱን በአንገትጌው ይዞ ከፍ አደረገው። ኮቱ እንዳለ ወደታች ተንዘረፈጠ። ቁልፎቹ በኮቱ የተንጠለጠሉ ሳይሆን ኮቱ ራሱ ቁልፎቹን የሙጥኝ ያለ ነበር የሚመስለው።

«ቆንጆ!» አለ ቸርነት። «በል መርፌና ክርህን ያዝና ተከተለኝ።»

«ወዴት?»

«ፖስታ ቤት። መንገድ ላይ አንዱ ቢበጠስ ማን ሊሰፋልኝ ነው?»

ሸምሱ ተማጸነ፣ እጅጌውን አሳየው፣ በአላህ ስም ለመነው። ቸርነት እንደገና ወንበሯ ላይ ሊቀመጥ ሲል ግን መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ተነሣ።

ፖስታ ቤቱ ውስጥ ዕቃ የምትመዝነው ወይዘሪት አጸደ የምትባል ልጅ ነበረች። ከአፏ የሚያመልጣት ሰው የለም። ቸርነት በአሮጌ ጋዜጣና በሲባጎ የተጠቀለለውን ዕቃ ሰጣት። ሚዛኑ ላይ ስታሳርፈው የሚዛኑ ቀስት እንደደነገጠ ሰው ዘለለ።

«ምንድን ነው?»

«ኮት። ያገለገለ ኮት። ለወዳጄ ስጦታ ነው፣ ዴንማርክ።»

አጸደ ሚዛኑን አየች፣ ዕቃውን አየች፣ ቸርነትን አየች።

«ሰውየው አውልቆታል ወይስ ውስጡ ነው?»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። ሸምሱ ግን አልሳቀም። አጸደ ሒሳቡን ነገረችው። ቸርነት ሒሳቡን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ለኮት? ይኼን ያህል ለኮት? ይኼ እኮ ዝርፊያ ነው!»

«በክብደት ነው የምናስከፍለው።»

«ክብደቱ የጋዜጣው ነው! የሲባጎው ነው! እኔ የምልከው ኮት ነው፣ ለጋዜጣ አልከፍልም። ፍቺውና ኮቱን ብቻውን መዝኚው!»

ሸምሱ የቸርነትን እግር ረገጠው። «አቦ ቸርነት፣ ክፈልና እንሂድ» አለው በሹክሹክታ።

«አንተ አታውቅም፣ ዝም በል። መርፌህን ያዝ።» ወደ አጸደ ዞረ። «ፍቺው! መብቴ ነው!»

«መብትህ ነው» አለች አጸደ፣ ሲባጎውንም ፈታችው።

እንግዲህ ይኼን ልብ በሉ። የጉምሩኩ ሰውዬ እዚያው ጥግ ላይ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ያንጎላጅ ነበር። ማንም ፍታ አላለም፣ ማንም አልጠረጠረም። ከነሲባጎው ከፍሎ ቢሄድ ኮቱ ዴንማርክ ገብቶ ጥርስ ሐኪሙ በደስታ በተረተረው ነበር። ግን ቸርነት ነዋ!

ኮቱ ብቻውን ተመዘነ። ቀስቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፣ ለምልክት ያህል።

«ሚዛንሽ ነው የተበላሸው!» አለ ቸርነት። «ወደ ግድግዳው አስጠጊው። ደግመሽ መዝኚ!»

አጸደ ኮቱን ከሚዛኑ ልታነሳ አንገትጌውን ያዘች። ስትጎትተው የደረቱ አንዱ ክር ጠብ ብሎ ተበጠሰ። ቁልፉ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፣ ጨርቁ ተገለጠ፣ ማርትሬዛዋም እየጮኸች ተንከባለለች። የድሬ ሰው የማርትሬዛን ድምፅ በእንቅልፉም ያውቀዋል። ቴምብር የሚልስ የነበረው ሰውዬ ምላሱን እንዳወጣ ቀረ። ማርትሬዛዋ ተንከባልላ፣ ተንከባልላ፣ የጉምሩኩ ሰውዬ ጠረጴዛ ሥር ደረሰች። ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ ጫማውን አሳረፈባት፤ ከዚያ በኋላ ነው የነቃው።

«ስፋው!» አለ ቸርነት፣ ሸምሱን በክርኑ እየጎሸመ። «ስፋው ቶሎ!»

«ምኑን ልስፋው?» አለ ሸምሱ። «የሰውዬውን ጫማ?»

ሁለቱም ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ። እዚያ ሲደርሱ ነው የሸምሱ መከራ የጀመረው። ቸርነት ከረባቱን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኮቱ የሱ መሆኑን፣ ቁልፎቹን ግን አይቷቸው እንደማያውቅ ተናገረ። «ቁልፍ ትከልልኝ ብዬ ሰጠሁት። ውስጡ ምን እንዳስገባ እኔ ምን አውቃለሁ? ዕቃዬን ተገን አድርጎ ብር ሊያሸሽ ነበር።»

ሸምሱ ክው አለ። እውነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራ፤ መሐረቡን፣ ወንበሯን፣ ዴንማርክን፣ ሁሉንም። ፖሊሱ ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ስማ ወንድሜ፣ ቸርነትን አገር ያውቀዋል። አንዲት ሳንቲም ከእጁ የማትወጣው ሰው ማርትሬዛ አሮጌ ኮት ላይ ሰፍቶ ለፈረንጅ ይሰጣል?» አለው። እንዲህ ነው፤ ንፉግነት ሌላውን ሰው ያስጠላል፣ ቸርነትን ግን እንደ ጠበቃ ቆመለት።

ከሰዓት በኋላ ዳኛ ፊት ቀረቡ። ዳኛ ወንድይራድ ከደጋ በቅርቡ የተሾሙ ሰው ናቸው። የድሬ ሰው አንተ ሲላቸው መጀመሪያ ሰሞን ይቆጡ ነበር፤ እያደር ሙቀቱ ቁጣቸውንም አቀለጠው። ጠረጴዛቸው ላይ ኮቱ ተዘርግቷል፣ ከጎኑ ከጨርቃቸው የተገለጡት ማርትሬዛዎች ተከምረዋል። የችሎቱ አዳራሽ ጢም ብሏል፤ የፖስታ ቤቱ ወረፋ ከነቴምብሩ ተከትሏቸው መጥቷል።

«አቶ ቸርነት፣ ይህ ኮት የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው ክቡር ዳኛ። አልካድኩም።»

«ላኪውስ?»

«እኔ ነኝ። ስጦታ ነው።»

«እነዚህ ብሮችስ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። ጠይቁት እሱን።»

ዳኛው ወደ ሸምሱ ዞሩ። ሸምሱ የተከሳሽ መቆሚያው ላይ ሆኖ ትከሻው ላይ የቀረውን ክር እያነሳ ነበር። የሚያስበው ግን ሌላ ነው። እዚያ ማዶ ያለው ከረባት ያሰረ፣ ፈረንጅኛ የሚጽፍ፣ ባለ ንብረት ነው። እሱ መርፌ ደረቱ ላይ የሰካ ልብስ ሰፊ ነው። «የሱ ናቸው» ቢል ቸርነት «የሱ ናቸው» ይላል፤ ከሁለት «የሱ ናቸው» አንዱ ሲመረጥ ባለ ከረባቱ ይመረጣል። እሱ ይታሰራል። እሑድ ይመጣል። ሙሽራው እጅጌው አንድ በሆነ ኮት ሙሽሪት ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሸምሱ ከእስር ቢወጣም መጋላ ውስጥ ካልሲ የሚያሰፋው ሰው አያገኝም።

«ሸምሱ» አሉ ዳኛው። «ሰምተሃል። የኔ አይደሉም ይላሉ። የማን ናቸው?»

ሸምሱ ቸርነትን አየው። ቸርነት ዳኛውን አያይም፣ ሸምሱንም አያይም፤ የሚያየው ክምሩን ነው። እያፈጠጠ ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ማንም አንዱን እንዳይነካበት የሚጠብቅ እንጂ የተከሰሰ ሰው አይመስልም። ይህን ጊዜ የሸምሱ ፊት ፈካ አለ።

«ክቡር ዳኛ» አለ። «እውነቱን ልናገር። የኔ ናቸው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ቸርነት ብድግ አለ፣ መልሶ ተቀመጠ።

«የኔ ናቸው» አለ ሸምሱ ደግሞ። «ቸርነት እውነት ተናግሯል፤ ዋሽቶም አያውቅ። ከአያቴ የወረስኳቸው ብሮች ናቸው። ሥራ በዝቶብኝ ስዋከብ ከቁልፍ ጋር ተምታተውብኝ ሰው ኮት ላይ ተከልኳቸው። ኮቱ የሱ ነው፣ ላኪው እሱ ነው፣ እኔ ለማንም ምንም አልላክሁም። ዕቃው የጠፋበት ሰው ነኝ እንጂ ወንጀለኛ አይደለሁም። አሁን ተገኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ። የኔ አይደሉም፣ ምንም መብት የለኝም ብሎ እዚህ ፊታችሁ ይፈርምልኝና ብሮቼን ይዤ ልሂድ።»

ዳኛ ወንድይራድ መነጽራቸውን አወለቁ። ሸምሱን አተኩረው አዩት። የሰውዬው ውሸት እንደ ኮቱ ብል የበላው መሆኑ ገብቷቸዋል። ግን ደግሞ የቸርነትን ከንፈር አይተዋል።

«አቶ ቸርነት፣ ይፈርማሉ?»

«እ... እንዴት... ምን ብዬ?»

«የእኔ አይደሉም ብለው። አሁን እንዳሉት። ጸሐፊ፣ ብዕር ስጣቸው።»

ቸርነት ብዕሩን ተቀበለ። ወረቀቱን አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ አየው። ሸምሱ ግን ፊርማውን አልጠበቀም፣ ወደ ክምሩ ጠጋ ብሎ በእጁ መለየት ጀመረ።

«ይኼን ለችሎቱ ዘበኛ እሰጠዋለሁ፣ ደክሞታል። ይኼኛው ለሙሽራው፣ ስላስጠበቅሁት። ይኼን ደግሞ ሕፃናት ይጫወቱበት...»

የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

«ይቺ ደግሞ» አለ ሸምሱ፣ አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ «ይቺ ጭራሽ የተበላሸች ናት። ተመልከቱ፣ ሴትየዋ ሁለት አፍንጫ አላት። ይቺን ወርቅ አንጥረኛው ዘንድ ወስጄ ዛሬውኑ አስቀልጣትና ለሚስቴ ቀለበት—»

«አታስቀልጣት!»

ብዕሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቸርነት ጠረጴዛው ዘንድ ደርሷል፣ በሁለት እጁ ክምሩን እንደ ሕፃን አቅፏል።

«አንተ ደንቆሮ! የተበላሸች አይደለችም! ማተሚያው ሁለት ጊዜ የመታት ናት! እንደሷ ያለች ስንት ዓመት ፈልጌ ነው ያገኘኋት፣ ጥርስ ሐኪሙ ለሷ ሲል መኪናውን ሸጧል! አታውቅም! ምንም አታውቅም! የኔ ናት! ሁሉም የኔ ናቸው!»

ከኋላ የነበረው ሁሉ ለማየት ብድግ አለ።

ዳኛ ወንድይራድ መነጽራቸውን ቀስ ብለው መልሰው አደረጉ። «ጸሐፊ» አሉ፣ «‹ሁሉም የኔ ናቸው› ብለዋል፤ እንዳለ ጻፈው።»

ቸርነት ያኔ ነው የነቃው። ክምሩን እንዳቀፈ ዙሪያውን ቃኘ። መልቀቅ ፈለገ፣ እጁ ግን እሺ አላለውም።

ዳኛው ወደ ሸምሱ ተመለሱ። «አንተስ? ችሎት ፊት ቆመህ የኔ ናቸው ብለህ የዋሸኸው ለምንድን ነው?»

«ክቡር ዳኛ፣ እውነቱን ቅድም ለፖሊስ ነገርኩት፣ ያመነኝ የለም። እኔ አንዴ ብዋሽ እሱ እውነቱን ይናገር ይሆናል ብዬ ነው።»

ዳኛው ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት። ፍርዱን ሰጡ፦ ብሮቹ ለመንግሥት ገቢ ይሁኑ፣ ቸርነት ይቀጣ፣ ኮቱ ይመለስለት። ሸምሱ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ቁልፍ ብሎ የሰጠውን ሁሉ ሳይመረምር እንዳይተክል ተመክሮ ነፃ ተለቀቀ። ዘበኛው ማርትሬዛዎቹን ከቸርነት እቅፍ አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት፤ ባለ ሁለት አፍንጫዋን ለማስለቀቅ ሁለተኛ ሰው ተጨመረ።

ቸርነት ባዶውን ኮት በክንዱ አድርጎ ሲወጣ በሩ ላይ ሸምሱን አገኘው። ደም ሥሩ ተገታትሯል።

«አንተ ነህ!» ብሎ ጮኸበት፣ አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ እየሰማ፣ ዳኛውም ገና ከወንበራቸው ሳይነሡ። «አንተ ነህ ጉድ ያደረግኸኝ! ሥራህ የማይረባ! አንዲት ቁልፍ እንኳ አጥብቀህ መስፋት አቅቶህ ይኸው ለዚህ አበቃኸኝ!»

ሸምሱ መርፌውን ደረቱ ላይ አስተካክሎ ሰካ።

«አቦ ቸርነት» አለው። «ኮቱን መቆለፍ የኔ ሥራ ነበር። አፍህን መቆለፍ ያንተ።»

ዳኛ ወንድይራድ መዝገቡን አንሥተው ፊታቸውን ሸፈኑና፣ ከመዝገቡ ጀርባ ሆነው ችሎቱ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቋረጥ አዘዙ።